በአንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥር ሜትር ላይ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ደብረ ማርቆስ፣ ከቤቴ በር አርባ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ። ቀኑንና ሰዓቱን ማስቀደሜ ከልማድ ነው፤ በመሥሪያ ቤት በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ቀንና ሰዓት ሳላሰፍር አንድም ነገር በመዝገብ ላይ ጽፌ አላውቅም። ሰዓቱን አሳስቼ የጻፍሁበት ጊዜ የለም። ሌላውን አሳስቼ ጽፌአለሁ፤ የምናገረውም ስለዚያ ነው።

ሦስት ሠራተኞች የመንገዱን ጠርዝ ቆፍረው አሮጌውን የስልክ ኬብል እያወጡ ነበር። በምትኩ ፋይበር ሊቀበር ነው። ጡረተኛ የሰው ሥራ ቆሞ ማየት ይወዳልና እኔም ከዘራዬን ተደግፌ ቆምሁ። ቢጫ ሰደርያ የለበሰው ሰው ከጉድጓዱ አንድ የዳቦ ቅርጽ ያለው ጥቁር ነገር አወጣ። ሁለት ኬብሎች የሚጋጠሙበት መገጣጠሚያ ነው። ሽፋኑን በመጋዝ ሲከፍተው ወደ ኋላ አለና ሳቀ።

«አባባ፣ እዚህ ሰፈር ሰዎች ማር ይቀብሩ ነበር እንዴ?»

ሽታው እኔም ዘንድ ደረሰ። በሽፋኑ ውስጥ፣ ሽቦዎቹን ዙሪያቸውን ይዞ የረጋ ቢጫ ሰም ነበር። ጓደኛው በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ ሲያደርገው ከሥሩ መዳቡ ቀይ ሆኖ ብቅ አለ፤ ዝገት የለ፣ አረንጓዴ ሻጋታ የለ።

«ትናንት የተሠራ ነው የሚመስለው» አለ። «ማን ሠርቶት ይሆን?»

ማን እንደ ሠራው አውቅ ነበር። መገጣጠሚያውን እንዲሰጡኝ ለመንኋቸው።

«መዳቡን ፈልገው ነው አባባ?» አለ ባለ ሰደርያው።

«ሰሙን ነው» አልሁት። ተያይተው ሳቁ፤ ሰጡኝም። አሁን ይህን ስጽፍ በጠረጴዛዬ ላይ፣ ከመነጽሬ ማኅደር አጠገብ ተቀምጧል።

ነገሩ የሆነው አርባ ሁለት ዓመቴ ሳለ ነው። አርባ ሁለት ዓመት ወጣትነት አይባልም ይሉኝ ይሆናል። እኔ ግን የሰው ወጣትነት የሚያልቀው በራሱ ላይ ያለው እምነት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰበር ነው እላለሁ፤ በዚህ ሚዛን እስከዚያ ክረምት ድረስ ወጣት ነበርሁ። ዩኒቨርሲቲ ከጨረስሁ ሃያ ዓመት ሆኖኝ ነበር። በስልክ መሥሪያ ቤታችን የደብረ ማርቆስ ቅርንጫፍ የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ነበርሁ፤ ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» ይለኛል፣ እኔም ስጠራ ደስ ይለኛል።

ዘመኑ የዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። ኢንተርኔት በስልክ ሽቦ የሚያደርሰው መሣሪያ ወደ ከተማችን መጣ። በእኛ ሠራተኞች አነጋገር ዲስላም ይባላል። ቁመቱ ከአንድ ቁም ሣጥን አይበልጥም። ከየቤቱ የሚመጣውን የስልክ ሽቦ ይቀበላል፤ ድምፁን ለይቶ ወደ ስልኩ ማዞሪያ ይልካል፣ ኢንተርኔቱን ደግሞ የሁሉንም ሰብስቦ በአንድ ወፍራም መስመር ወደ አዲስ አበባ ያሳልፋል። አብሮት የመጣውን አራት መቶ ገጽ መጽሐፍ እርሳስ ይዤ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ዛሬ ስናገረው ያሳፍረኛል እንጂ፣ ፍቅር ይዞኝ ነበር።

ደግሞም ሊወደድ የሚገባው መሣሪያ ነበር። ሰው ስልክ እያወራ ልጁ በዚያው ጥንድ ሽቦ ደብዳቤ ይልካል፤ አንዱ ሌላውን አይረብሽም። እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ በር አለው፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ጓዳ እንዳያይ በመካከላቸው ግድግዳ አለ። መብራት ሲጠፋ፣ ይጠፋም ነበርና፣ ሳይደናገጥ ወደ ባትሪው ያልፋል። ሽቦው ሲደክም መስመሩን ከመቁረጥ ይልቅ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርግለታል፤ በቅሎው መድከሙን አይቶ ጭነት እንደሚቀንስ አስተዋይ ነጋዴ። ከሁሉ አብልጬ የወደድሁት ግን ሌላ ችሎታውን ነው። ከተቀመጠበት ክፍል ሳይነሣ ሽቦውን ይመረምራል፤ ብልሽት ካገኘ ከእኔ በዚህን ያህል ሜትር ርቀት ላይ ነው ብሎ በቁጥር ይነግርሃል። ዝናብ እየመታን ጉድጓድ ለጉድጓድ ስንዞር ለኖርን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያልኖረበት አይረዳውም።

ለዚህ ስሌት መሣሪያው ከሰው አንድ ነገር ይጠይቃል፤ የሽቦውን ውፍረት። ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲሄድ እንቅፋት ይገጥመዋል፤ በቀጭን ሽቦ ላይ እንቅፋቱ በአጭር ርቀት ይበዛል፣ በወፍራም ሽቦ ላይ ያንኑ ያህል እንቅፋት ለማግኘት ረጅም መንገድ ያስፈልጋል። መሣሪያው የሚለካው እንቅፋቱን ነው። ርቀቱን የሚያወጣው አንተ በነገርኸው ውፍረት አስልቶ ነው። እኔ የከተማውን ኬብል ንድፍ ገልጬ አየሁ፤ «0.4 ሚሊ ሜትር» ይላል። 0.4 ብዬ ጻፍሁ።

የመስመር ሠራተኛችን አቶ ቢምረው በሩ አጠገብ ቆመው ነበር።

አቶ ቢምረው በዚያን ጊዜ ሃምሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። በቅርብ ያለችው የአማኑኤል ከተማ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ድቁና ተቀብለው፣ በኋላ ለስልክ ምሰሶ ጉድጓድ ከመቆፈር ተነሥተው የመስመር ሠራተኛ የሆኑ። የምስክር ወረቀት የላቸውም። የከተማውን ኬብል ግን ዳዊት እንደሚደግም ሰው በቃላቸው ያውቁታል። እንደ ዕድሜ እኩዮቻቸው ሁሉ የሽቦውን ላስቲክ በጥርሳቸው ነበር የሚገፍፉት፤ መግፈፊያ መቆንጠጫ ብሰጣቸውም በቀበቷቸው አንጠልጥለው ይዞሩ ነበር እንጂ አይጠቀሙበትም። ሌላም ልማድ ነበራቸው። መገጣጠሚያ ሲሠሩ፣ ከቀፏቸው ያመጡትን ሰም በትንሽ ጣሳ አቅልጠው በሽቦዎቹ ላይ ያፈሳሉ። በቄስ ትምህርት ቤት ጧፍ ሲሠሩ የሰምን ጠባይ ተምረውት ነበር።

ያን ቀን በበሩ ላይ ሆነው «ኢንጂነር» አሉኝ። «ወደ መናኸሪያ የሚወርደው አሮጌው ኬብል ወፍራሙ ነው። ቀጭኑ ወደ ላይ የሚወጣው አዲሱ ብቻ ነው።»

«ንድፉ 0.4 ይላል አቶ ቢምረው።»

«ንድፉን የሣለው ሰው አልነከሰውማ! እኔ በጥርሴ አውቀዋለሁ።»

በክፍሉ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። «ጥርስ ከመቼ ወዲህ ነው መለኪያ የሆነው?» አልኋቸው። እርሳቸውም አብረው ሳቁና «እህ፣ እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ሄዱ። ማይክሮሜትር በመሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ሽቦ ቆርጦ በዚያ ለመለካት ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ሁለቱን ደቂቃ አልሰጠሁትም።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ጨክኖ ሳይገባ፣ በውትርን ድልድይ አጠገብ በዚሁ አሮጌ ኬብል ላይ አንድ መገጣጠሚያ መታደስ ነበረበት። የሰሙን ልማድ ለማስቀረት ቆርጬ ነበርና «ዛሬ እኔ እሠራዋለሁ፣ እርስዎ ይመልከቱ» ብዬ ኮቴን አውልቄ ጉድጓድ ወረድሁ። ካፊያው ጀምሮ ስለነበር አቶ ቢምረው ከላይ ጃንጥላ ይዘውልኝ ቆሙ። መጽሐፉ እንደሚለው፣ ሽቦውን በማያያዣ፣ ማያያዣውን በሽፋን፣ ሽፋኑን በጎማና በብሎን፤ ብሎኖቹንም በቅደም ተከተላቸው አጠበቅሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። ጭቃዬን እየጠረግሁ ቀና ስል አቶ ቢምረው ጎንበስ ብለው አዩት።

«ያምራል» አሉ። «ጎማው ግን መጋዘን ሲከርም ደርቋል መሰለኝ ኢንጂነር። ሰም ጣል ቢያደርጉበት ምን ይለዋል?»

«ሰም በመጽሐፉ የለም።»

«ውሃውስ መጽሐፉን አንብቧል?»

በዚህ እንኳ አልሳቅሁም። በኬብሉ መዝገብ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ርቀቱን ጽፌ፣ «የሠራው» በሚለው ቦታ ላይ ስሜን አኖርሁ።

ሐምሌ ገባ። ደብረ ማርቆስን በክረምት የማያውቅ ሰው ዝናብ አውቃለሁ አይበል። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ጉም ከሰዓት በኋላ ከተማውን ይዘጋዋል፤ ሰው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ የሚሻገረው በድምፅ እየተፈላለገ ነው። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ የሚሸጡት ሴቶች ምጣዳቸውን በላስቲክ ሸፍነው በየበረንዳው ይቀመጣሉ፤ እንፋሎቱና ጉሙ ይደባለቃል። በዚያ ሰሞን በመናኸሪያው አጠገብ የኢንተርኔት ቤት የነበራቸው ወይዘሮ ማስተዋል በየሁለት ቀኑ ቢሮዬ ይመጡ ጀመር። ነጠላቸው ውሃ ያዘለ፣ ምላሳቸው ግን የማይርስ ሴት ነበሩ።

«እስቲ ይንገሩኝ ኢንጂነር፤ ይህ ኢንተርኔታችሁ ደመና ባየ ቁጥር ጉንፋን የሚይዘው ምን ሆኖ ነው? ጋቢ ልግዛለት?»

የእርሳቸው ብቻ አልነበረም። በዚያው ኬብል ላይ ያሉ ዘጠኝ ደንበኞች መስመራቸው ዝናብ በጣለ ቁጥር ይቆረጣል። መሣሪያውን እንዲመረምር አዘዝሁት። ብዙም ሳይቆይ በስክሪኑ ላይ ቁጥሩን አወጣ፤ 1,210 ሜትር። የኬብሉን መዝገብ ገለጥሁ። በ1,204 ሜትር ላይ መገጣጠሚያ አለ። «የሠራው፦ ቢምረው።» ከሦስት ዓመት በፊት።

ደስ አለኝ። ይህን ከማንም አልደብቅም። መሣሪያዬ ከክፍሉ ሳይወጣ ጥፋተኛውን በስድስት ሜትር ልዩነት ጠቁሞልኛል፤ ጥፋተኛውም የተቃወምሁት ሰም ነው። አቶ ቢምረውን ጠራሁና ስክሪኑን አሳየኋቸው። ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አዩት። ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት።

«እንክፈተው» አሉ።

«መንገዱ ገና መነጠፉ ነው፤ ክረምቱ ሳይወጣ ማዘጋጃ ቤቱ ማስፈረስ አይፈቅድም።»

«ድንጋዩን እኔ አንሥቼ እኔ እመልሰዋለሁ። ማንም ሳያውቅ። አንዲት ቅዳሜ ይስጡኝ ኢንጂነር፣ አንዲት ቅዳሜ ብቻ።»

«መሣሪያው አይቶታል አቶ ቢምረው። የታየን ነገር መክፈት ምን ይጨምራል?»

ወደ ሥራቸው ሄዱ። ዘጠኙን ደንበኞች በሌላ በኩል በሚያልፍ ትርፍ ኬብል ላይ አዛወርናቸው፤ የወይዘሮ ማስተዋልንም ኢንተርኔት ጉንፋኑ ለቀቀው። ጉድጓዱ ሳይከፈት ቀረ። የተበላሸ ነገር ከተስተካከለ በኋላ ምክንያቱን ማን ይጠይቃል?

የጠየቀ አለ። በዚያው ነሐሴ መሥሪያ ቤቱ አዲስ መዋቅር አወጣ። የምስክር ወረቀት የሌለው ነባር ሠራተኛ በቦታው የሚቆየው የክፍል ኃላፊው በሚጽፈው አስተያየት ነው ተባለ። ከእኔ ክፍል እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነበር። አቶ ቢምረው ይህን ያውቁ ነበር፤ እኔም ማወቃቸውን አውቅ ነበር። አንድ ቀን በኮሪደር ሲያልፉ ቆም ብለው «እኔ ከሽቦ በቀር የማውቀው የለኝም ኢንጂነር» አሉኝ። መንገዳቸውንም ቀጠሉ።

የጻፍሁትን ዓረፍተ ነገር እስከ ነጠላ ሰረዙ አስታውሰዋለሁ። «ለሥራቸው ትጉህ ቢሆኑም፣ በደንቡ ያልተፈቀደ ቁስ በመጠቀማቸው በኬብሉ 1,210 ሜትር ላይ ለተከሠተው ብልሽት ምክንያት ሆነዋል፤ ይህም በመሣሪያ ተረጋግጧል።» በእውነት የጻፍሁት መስሎኝ ነበር። ሐሰት መጻፌን ባላውቅም፣ አለማወቄ ግን ያለ ጥፋት የመጣ አልነበረም። ሁለት ደቂቃና አንዲት ቅዳሜ ተለምኜ ከልክያለሁ።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ከመዋቅሩ ውጭ ሆኑ። ዕቃቸውን ለመመለስ ሲመጡ መጋዘኑ በር ላይ ነበርሁ። የምሰሶ መውጫ ቀበቷቸው ቆዳው ቅባት ጠጥቶ ያበራ ነበር። ያልተጠቀሙበትን መግፈፊያ መቆንጠጫ ከነወረቀት መጠቅለያው አስረከቡ። ጣሳዋን ብቻ «ይቺ የቤቴ ናት» ብለው በካፖርታቸው ኪስ ከተው ወጡ።

ኅዳር ሲጋመስ፣ ከከተማው ዳር ወደሚገኝ ቤት በዚያው አሮጌ ኬብል በኩል አዲስ መስመር ዘረጋን። መንገዱን እኔው ራሴ በመለኪያ መንኰራኵር እየገፋሁ ለክቼው ነበር፤ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ሜትር። መስመሩ ገና ከጅምሩ ችግር ነበረበትና መሣሪያውን ስጠይቀው መጨረሻው በ1,500 ሜትር ላይ ነው አለኝ። መጀመሪያ መንኰራኵሩን ተጠራጠርሁ። ከዚያ እጄ በራሱ ወደ መሳቢያው ሄደ። ከዚያው አሮጌ ኬብል አንድ ጣት የሚያህል ሽቦ ቆርጬ በማይክሮሜትር ያዝሁት።

0.5 ሚሊ ሜትር።

ተቀመጥሁ። በሩ ላይ ያን ጊዜ የተሳቀው ሳቅ በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር። እርሳሴን አነሣሁ። መሣሪያው 1,210 ያለው በቀጭን ሽቦ ስሌት ነው፤ በወፍራሙ ሲሰላ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና ገደማ ይመጣል። ሦስት ጊዜ አሰላሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። የኬብሉን መዝገብ ገልጬ ጣቴን በመስመሮቹ ላይ ቁልቁል አወረድሁ። በ1,887 ሜትር፣ ውትርን ድልድይ አጠገብ፣ መገጣጠሚያ። ቀኑ ተጽፏል። ሰዓቱም ተጽፏል። «የሠራው» በሚለው ቦታ ላይ፣ ሁልጊዜ በምኰራበት ጥርት ያለ ጽሕፈቴ፣ የእኔው ስም ነበር።

ያን ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ብቻ አደረግሁ። በመሣሪያው ውስጥ 0.4 የሚለውን ወደ 0.5 ለወጥሁት። የመሣሪያው ስሕተት አንዲት ቁልፍ በመጫን ታረመ። የኔውን ለማረም ደብዳቤ መጻፍ ያስፈልግ ነበር፤ ደብዳቤውን ጀመርሁት፣ ቀኑንና ሰዓቱንም ጻፍሁ። ከዚያ በታች ምንም አልጻፍሁም። ለራሴ ያቀረብሁት ምክንያት ብዙ ነው። መዋቅሩ ጸድቋል፣ ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል፣ አንዱን ጉዳይ ማንሣት ሌሎቹን ሁሉ መነካካት ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን «ኢንጂነር» እየተባልሁ በዚያ ኮሪደር ማለፍ እንዳይቀርብኝ ነው።

በኅዳር መጨረሻ ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ አማኑኤል ሄድሁ። ለመናገር ቆርጬ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ነጥቷል፤ አንዳንዱ ማሳ ታጭዶ ነዶው ተከምሯል፤ በየአውድማው በሬዎች ይዞራሉ። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ለእውነት የተመቸ ነው ብዬ አሰብሁ። መንገዱ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ቢሆንም የምናገረውን ዓረፍተ ነገር በልቤ ለመደርደር በቃኝ።

የአቶ ቢምረው ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከባሕር ዛፎች በስተጀርባ ነው። በግድግዳው ላይ አራት ቀፎዎች ተሰቅለዋል። እርሳቸው በጓሮ አጥር ሲያጥሩ አገኘኋቸው፤ ሲያዩኝ መጥረቢያቸውን ጥለው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ።

«ኧረ ኢንጂነር! ምን እግር ጣለዎት? ጥሩዬ! ነይ፣ አለቃዬ መጥተዋል!»

አለቃዬ አሉ። ሁለት ወር ሆኗቸዋል ከተሰናበቱ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩዬ ውሃ አስታጠቡኝ። ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበርና ስልጆና የተልባ ወጥ ቀረበ፤ ስልጆው ሰናፍጩ አፍንጫ የሚሰብር፣ ዓይን የሚያስነባ። ያስነባኝ ሰናፍጩ ብቻ እንዳልነበረ ማንም አላወቀም። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያሉ አጎረሱኝ። አቶ ቢምረው ስለ ከተማው ጠየቁኝ፤ ስለ ወይዘሮ ማስተዋል፣ ስለ አዲሱ የመስመር ሠራተኛ፣ በመጨረሻም እንደ ዘመድ ስለ መሣሪያው።

«ደኅና ነው ወይ?»

«ደኅና ነው።»

«እኔስ ብዙ አሰብሁበት» አሉ እንጀራውን እየቆረሱ። «ያን መገጣጠሚያ የሠራሁ ቀን ፍልሰታ ነበር። ስጾም ውዬ፣ ምንም ሳልቀምስ ነው የዘጋሁት። እጄ ዝሎ ይሆናል እላለሁ። ሰሙም ሳይግል አፍስሼው ይሆናል። ሰው የገዛ እጁ ሲከዳው በምን ያውቃል? እናንተ መሣሪያ ባይኖራችሁ ኖሮ ሳላውቅ እሞት ነበር።»

ወይዘሮ ጥሩዬ ከጓዳ ሆነው «ይኸው ነው!» አሉ። «የጎረቤት ራዲዮ ተበላሽቶ ቢያመጡለት እጄ አይታመንም ብሎ መለሰው። የቀፎ ክዳን እንኳ እኔን ነይ እዪልኝ ነው የሚለኝ።»

«ኧረ ተይ አንቺ ሴት፣ እንግዳ ፊት!» ብለው ሳቁ።

በልቤ የደረደርሁት ዓረፍተ ነገር አጭር ነበር። አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር። ሥራቸውን መንጠቄን አውቄ ነበር የመጣሁት፤ እጃቸውን መንጠቄን ግን እዚያ ነው የሰማሁት፤ የሰማሁት ነገር ደግሞ ከምናገረው በለጠብኝ።

እስከ መንገዱ ሸኙኝ። የባሕር ዛፉ ቅጠል ከእግራችን በታች ይንኮሻኮሻል። ሚኒባስ ስንጠብቅ፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ማሳው እያዩ ጠየቁኝ።

«ኢንጂነር፣ ያን ጉድጓድ በኋላ ከፍታችሁ አያችሁት?»

ይህ ነበር ሰዓቱ። አምላክ ከዚህ የተሻለ ቀዳዳ ለማንም አይከፍትም።

«አየነው» አልሁ።

«ውሃ ገብቶበት ነበር?»

«ገብቶበት ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። «እንግዲያው እሺ» አሉ። ከዚያ ከካፖርታቸው ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ የእጅ መዳፍ የሚያህል ሰም አውጥተው በእጄ አኖሩ። «ለጧፍም ቢሆን ይሆንዎታል። እኔ ከእንግዲህ ምን ላደርገው ነው?» ሚኒባሱ መጣ። መኪናው ከተነሣ በኋላ በመስኮቱ ዞር ብዬ ሳያቸው እጃቸውን ከፍ አድርገው ነበር፤ ለስንብት ይሁን ወይም የገዛ መዳፋቸውን ሊያዩት፣ ከዚያ ርቀት አልለየሁትም።

ከዚያ በኋላ በመሥሪያ ቤቱ ብዙ ዓመት አገለገልሁ። ሰምን ዳግመኛ አልከለከልሁም፤ ግን የሚጠቀምበት ሰው አልነበረም። የሰጡኝን ሰም ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት፤ በእጄ ማቆየት አልቻልሁም። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በጥር ወር፣ አቶ ቢምረው ማረፋቸውን ሰማሁ። ለቅሶ አልደረስሁም። በእኛ አገር የሰው ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬ ሰው አላስረዳም። የሄድሁ እንደሆነ በድንኳኑ ውስጥ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ፣ «ከመሥሪያ ቤቱ የተሰናበቱት» ሲባል መስማት አልፈለግሁም።

ማክሰኞ ዕለት መገጣጠሚያውን ታቅፌ ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት ባለ ቢጫ ሰደርያውን አንድ ነገር ጠይቄው ነበር። ውትርን ድልድይ አጠገብ ያለውን መገጣጠሚያ መቼ ይደርሱበታል? መረጃቸውን ተመልክቶ ነገረኝ።

«እዚያ የሚወጣ ነገር የለም አባባ። ድልድዩ ሲሰፋ ያ ክፍል ተቆርጦ ከአፈሩ ጋር ተጥሏል። ዓመታት ሆኖታል።»

ስለዚህ ማስረጃ በመውደድ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ስለ ራሱ ጥፋት ያለው ማስረጃ አንድ ስሌት ብቻ ሆኖ ቀረ። የአቶ ቢምረው ሥራ ንጹሕ መሆኑ ግን ስሌት አያስፈልገውም። ያ ሳይከፈት የቀረው የ1,204 ሜትሩ መገጣጠሚያ ከፊቴ ነው። ዛሬ ጠዋት በማይክሮሜትር ለካሁት፤ 0.5 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ማንም እንዳላየኝ አረጋግጬ፣ በቀሩኝ ጥርሶች ነከስሁት። የተለየ ነገር አልነገረኝም፤ የሠላሳ ዓመት ጥርስ ያስፈልገዋል መሰለኝ።

ያልተፈታውን ላስፍርና ላብቃ። የውትርን መገጣጠሚያ ውሃ ገብቶበት እንደነበር በዓይን ያየ የለም፤ ከእንግዲህም አይኖርም። በመሥሪያ ቤቱ ዶሴ ያለው ዓረፍተ ነገር አልታረመም። ወይዘሮ ጥሩዬ አማኑኤል ውስጥ በሕይወት እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ መገጣጠሚያውን በጋዜጣ ጠቅልዬአለሁ፣ እስከ ዛሬ ግን አልተነሣሁም። አቶ ቢምረው በዚያ መንገድ ዳር «እንግዲያው እሺ» ሲሉ አምነውኝ ይሁን፣ ወይም አውቀው ትተውኝ ይሁን፣ አላወቅሁም።